ሽማግሌዎቹ የረሱት ጥያቄ

(ዳንግላ፣ የአቶ መኳንንት ግቢ፤ ቢራራ የላካቸው ሽማግሌዎች መጥተው በሄዱ ማግስት፣ ጠዋት።)

መኳንንት፦ ልጅ የሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ ይመጣል እንዴ?

ቢራራ፦ ልኬ ነበር፣ ጋሼ። ትናንት ሲመለሱ “ምን አሉ?” ብላቸው አጎቴ “ጳውሎስና ያዕቆብ አንድ ናቸው” አለኝ። አብረውት የመጡት አቶ ደርሰህ ደግሞ “በፍጹም” አሉ። “ስመኝስ?” አልኩ። ተያዩ።

መኳንንት፦ እውነት ነው፣ ስሟንም አላነሱ። ለምን እንደመጡ ገምቼ ነበር፤ ግን ሳይጠየቅ ልጁን የሚሰጥ አባት የለም።

ቢራራ፦ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም እኮ።

መኳንንት፦ እንደቆሙ፣ ለጨዋታ ያህል፣ ሐዋርያት ሁሉ ያስተማሩት አንድ ነው ወይ አልኳቸው። አጎትህ ለመከራከር ተቀመጠ። በዚያው መሸ። ሲወጡ መርቀውኝ ሄዱ።

ቢራራ፦ ነገ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ስመኝ ነገረችኝ። ለዚህ ነው የመጣሁት። እኔ እንኳ ባጃጅ ላይ “ወራጅ አለ” ማለት አፍሬ እስከ መናኸሪያ ሄጄ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። አሁንም በርዎን አልፌው ጎረቤትዎ ናቸው ጠርተው የመለሱኝ።

መኳንንት፦ ከመጣህ አይቀር፣ አንተስ ምን ትላለህ? ጳውሎስ ሰው በእምነት ይጸድቃል ይላል። ያዕቆብ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው ይላል። ይህ አንድ ትምህርት ነው?

ቢራራ፦ እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ጋሼ።

መኳንንት፦ ጴጥሮስም ዓሣ አጥማጅ ነበር።

ቢራራ፦ እሱስ ቢያንስ ዓሣ ይይዝ ነበር።

መኳንንት፦ አትሽሽ።

ቢራራ፦ እናቴ እኔን “ኧረ ተናገር” ትለኛለች። ታናሽ ወንድሜን “ኧረ ዝም በል” ትለዋለች። ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማ ሰው ሁለት እናት ያለን ይመስለዋል። እሷ የምትፈልገው ግን ሁለታችንም ሰው እንድንሆን ነው። ጳውሎስ በሥራው ለሚመካ ሰው ጻፈ፤ ያዕቆብ አምናለሁ ብሎ እጁን አጣጥፎ ለሚቀመጥ።

መኳንንት፦ እሺ፣ አንጾኪያስ? ጳውሎስ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል። ትምህርታቸው አንድ ከሆነ ምን አጣላቸው?

ቢራራ፦ እሱን እንኳ በደንብ አውቀዋለሁ። ጴጥሮስ ትምህርቱ አልጠፋውም። ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ሰዎች መጡ፤ ምን ይሉኛል ብሎ ከማዕዱ ተነሣ። ለእኔ የሚቀርበኝ ሐዋርያ እሱ ነው። እኔ ብሆን ሳህኑን እንደያዝኩ ነበር የምሸሸው።

መኳንንት፦ ሳህኑን ለምን?

ቢራራ፦ ማስቀመጥ አፍሬ።

መኳንንት፦ አሳቅኸኝ። እንግዲህ ያወቁት አንድ ነው፣ ያጣላቸው ፍርሃት ነው ትላለህ።

ቢራራ፦ እንደዚያ ይመስለኛል። አጎቴ እንዳይሰማኝ እንጂ።

መኳንንት፦ መልስህ ደስ ብሎኛል። በል፣ ደህና ዋል።

ቢራራ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ደህና ይዋሉ።

መኳንንት፦ ቢራራ።

ቢራራ፦ አቤት።

መኳንንት፦ አንተም እኮ ሳትጠይቀኝ እየሄድክ ነው።

ቢራራ፦ ወይኔ።

መኳንንት፦ እየጠበቅኩ ነው።

ቢራራ፦ ጋሼ፣ ስመኝን ይዳሩልኝ።

መኳንንት፦ አጎትህና ጓደኞቹ ዛሬ ከሰዓት ይመለሱ፤ የነገዎቹን እንግዶች “ልጅቷ ታጭታለች” ብዬ ነው የምቀበላቸው።