አበባ የምትባል የለችም

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጋይንት ተድሬ የሄድሁ ሰሞን። እኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ የዱሮው እዚያው አባቷ ቤት ይቀራል። አንድ ቀን ምንጭ ወርደን ውሃ ስንቀዳ፣ ከስማዳ የመጡ ሽማግሌ «እዚህ የተዳረች እህት አለችኝ፤ አበባ ትባላለች» አሉን። ከሁላችንም ትልቋ፣ በልጅነታቸው የተዳሩት እትዬ ጠጅቱ «ኧረ እንዲህ የምትባል የለችም» ብለው መለሷቸው። ሰውዬው አዝነው ጥቂት እንደ ራቁ፣ እትዬ ጠጅቱ እንስራቸውን ትተው «ኧረ ጉዴ! አበባ እኔ ነኝ እኮ!» እያሉ ተከትለዋቸው ሮጡ።

ስንስቅም ስናለቅስም ዘግይተን ተመለስን። ቁጡዋ አማቴ «የት ቆየሽ?» ብለው ተነሡብኝ። ነገሩን ስነግራቸው ግን ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዙረው፣ «እኔ ደሞ ዘነቡ ነበርሁ» አሉኝ።