የተያዘ ትሪ

አቦ፣ እኔ ሳልጠራ መብላት ሙያዬ ነው፤ የወጥ ሽታ ከሳቢያን ሰፈር ቀፊራ ገበያ ድረስ እየጎተተ ያመጣኛል! ቀፊራ ምግብ ቤት ስገባ፣ ከግንባር የተመለሰው የሰፈራችን ልጅ፣ ከመክሳቱ የተነሳ ጥላ እንኳ የሌለው፣ ሙሉ ትሪ ሩዝ አዝዞ ሳይነካው ቁጭ ብሏል።

"ይሄን ተራራ ብቻህን ልትንደው ነው?" ብዬ እጄን ሰደድኩ። ቀስ ብሎ ያዘኝ።

"ጋሼ፣ ያ ጎን የከበደ ነው።"

ወደ ሌላው ጎን ዞርኩ።

"እሱ ደግሞ የአብዲ። ግንባር ላይ አንድ ትሪ ከበን ነበር የምንበላው፤ ሁሉም እጁን ሳይዘረጋ ማንም አይጀምርም።"

"እና የት ናቸው?"

"አልተመለሱም።"

ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማላጣው ሰውዬ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

"ታዲያ እኔ ከየት ልብላ?"

"ከእኔ ጎን" ብሎ ጠጋ አለልኝ። ከአንድ ጥግ በላን። የከበደንና የአብዲን ጎን ሩዝ ሁለታችንም አልነካነውም።