የረቡዕ ታኮ

ቶሮንቶ በመጣሁ ሰሞን ነው። ወደ ዌስተን በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ አንድ አባትና አሮጊት ጎረቤቱ ያወራሉ።

«ልጅህ አሁንም ክፍሏን ዘግታ ነው የምትበላው?»

«ትናንት ደግሞ ታኮ ካልሠራህልኝ እራት አልበላም አለች፣ እማማ።»

«ታኮ ምንድን ነው?»

«የሜክሲኮ ምግብ ነው። ሥጋ በቂጣ ይጠቀለላል።»

«ረቡዕ ቀን ሥጋ?»

«ኧረ እኔስ! ቤት ባለው ምስር ወጥ ሠራሁ፤ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፌ ጨመርኩበትና በስስ ቂጣ ጠቀለልኩት።»

«ወደደችው?»

«‹ዳዲ፣ ዲስ ኢዝ ኖት ታኮ!› አለችኝ።»

«ወይ ጉድ! ተወችው?»

«የእኔንም ጨምራ በላችው እንጂ! ጣቷን እየላሰች፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ የትምህርት ቤቷን ወሬ ስትነግረኝ አመሸች።»

«እሰይ! ነገም ዓርብ ነው፤ ለእኔም ጨምርበት።»

እኔ ከኋላቸው ዌስተን እስክንደርስ ምራቄን ስውጥ ሄድኩ።