በአገጭ የተሰጠ ትእዛዝ

አቶ ይልማ በዚያ ሰኞ ጠዋት ከታቦር ሰፈር ሲወርዱ የደረት ኪሳቸውን ሁለት ጊዜ ዳበስ አደረጉ። በኪሳቸው አንድ ሰው ከሥራው የሚባረርበት፣ ምናልባትም የሚታሰርበት ደብዳቤ ነበር። ጋሪ ላይ ሲወጡ ነጭ ጋውኗን አጥፋ በክንዷ የያዘች ሴት ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው። የጎረቤታቸው ልጅ ሲስተር ታቢታ ናት። በቡሹሎ በኩል በሚገኝ ጤና ጣቢያ የነርሶች ኃላፊ ስትሆን፣ የዚያን ቀን መድኃኒት ልትረከብ ወደ ከተማ መውረዷ ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ይልማ? ዛሬ ወደ ጋራዥ አይደለም እንዴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታቢታ። ዛሬ ዋናው መሥሪያ ቤት ጉዳይ አለኝ።»

እውነቱን ለመናገር አቶ ይልማ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሃያ ሁለት ዓመት ከሞተር ጋር ኖረዋል፤ የመኪናን ሕመም በጆሯቸው ለይተው ያውቃሉ። በሚመሩት የመንግሥት ጋራዥ ግን አንድ ልማድ ተክለው ነበር። ትእዛዝ የሚሰጡት ከበርጩማቸው ሳይነሱ፣ በአገጫቸው ነው። ሠራተኛው «እሺ» ይላል፤ ደግሞ የጠየቀ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ይህን እሳቸው ሥርዓት ይሉታል። ከበርጩማ ለመነሳት መስነፍ ነው የሚላቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልገጠማቸውም።

የመድኃኒቱ መጋዘን ከዋናው መሥሪያ ቤት አጥር ለአጥር ነው። ሁለቱም የሚከፈቱት በሁለት ሰዓት ስለሆነ፣ በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ታቢታ የሰውየው እጅ ደጋግሞ ወደ ኪሳቸው ሲሄድ አየች።

«ደረትዎን ያምዎታል እንዴ፣ ጋሽ ይልማ?»

«የሚያመኝስ ሰው ነው! ደረሰን ታውቂዋለሽ አይደል? የቱላው፣ ጎበዝ የሚባለው። ዓርብ ዕለት ያን ሞተር ፍታ አልኩት። የተበላሸውን ትቶ፣ ሁለት ሳምንት ለፍተን የጨረስነውን የትራክተር ሞተር ብሎን በብሎን ፈታትቶ ዘረገፈው! ወቅቱ የእርሻ ነው፤ ትራክተሩ ቆሟል። እኔም ጻፍኩበት።»

«ምን ብለው ጻፉ?»

አቶ ይልማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሻጥር ብዬ።»

ታቢታ ጋውኗን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በዚያ የአብዮት ዘመን ይህች ቃል አንድ ጊዜ መዝገብ ቤት ከገባች፣ ማን እጅ ላይ እንደምትወድቅና ሰውየውን ወዴት እንደምትወስደው የጻፋት ሰው እንኳ አያውቅም። የደረሰ ሚስት ደግሞ አራስ ናት።

«ሞተሮቹ ስንት ነበሩ?» አለች ቀስ ብላ።

«ሁለት። ጎን ለጎን።»

«የቱን እንደሚፈታ እንዴት ነገሩት?»

አቶ ይልማ ሳያስቡት አገጫቸውን ወደ መንገዱ ማዶ ወርወር አደረጉ። «እንዲህ።»

ማዶ አንድ ጋሪ፣ አንዲት ሸንኮራ ሻጭና አባ ኮዳ የሚባሉት ሁለት ትልልቅ ወፎች ቆመዋል። ታቢታ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

«አሁን ምኑን ነው ያሳዩኝ?»

«ጋሪውን ነዋ!»

«እኔ ሸንኮራ ሻጯን መስሎኝ።»

አቶ ይልማ ተቆጡ። «ያልገባው ይጠይቃላ! አፍ የለውም?»

«ከእርስዎ ጋራዥ ጠይቆ የሚያውቅ አለ?»

መልሱ ወዲያው ትዝ አላቸው፤ ባይላቸው በወደዱ ነበር። ዓምና ማቴዎስ የሚባል ሠራተኛ «የቱን ነው ጋሼ?» ቢላቸው፣ «መነጽር እናዋጣለት» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ሳቁበት። ይኸው እስከ ዛሬ «መነጽሩ» ተብሎ ቀርቷል። ይህንንም ለታቢታ ሳይወዱ በግድ ነገሯት።

«ቢሆንስ?» አሉ። «ሰው ካልፈራ አይሠራም፣ ልጄ። እኔን ጣሊያኑ ሜካኒክ በካልቾ ነው ያስተማረኝ። ካቻቢቴ እየወረወረብኝ ነው ለዚህ የበቃሁት።»

«በካልቾው ነው የበቁት ወይስ ካልቾውን ችለው? አብረውዎት የጀመሩትስ የት ደረሱ?»

«እነሱማ... ጥለው ሄዱ።»

ታቢታ ፈገግ ልትል ብላ ተወችው። ስታከብራቸው ነው ያደገችው። «እኔም እንደዚሁ ነበርኩ» አለች። «መጀመሪያ ኃላፊ በሆንኩበት ሩቅ ጣቢያ አንዲትን ነርስ በሕመምተኞች ፊት አዋረድኳት። ከዚያ ወዲያ ስህተት የሚባል ነገር ጠፋ፤ እኔም ሹመት ያማረብኝ መሰለኝ። ለካ ስህተቱ አለ፤ የሚነግረኝ ሰው ነው የጠፋው። በዚህ የተነሳ አንድ ሕፃን ለጥቂት ነው ከሞት የተረፈው።»

«አሁንስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሐኪሙ በቃል ሲያዝ የሰማነውን መልሰን እንነግረዋለን። ለየትኛው አልጋ፣ ምን ያህል። ሳንደግም መርፌ አንነካም።»

«ጊዜ ይፈጃላ!»

«የሁለት ሳምንት ልፋት ከሚበላሽ አንድ ደቂቃ ይሂድ።»

«አጥፊውንስ? ላሞግሰው ነው?»

«የለም፣ ይቆጡት። ግን ለብቻው ጠርተው። ምስጋናውን ነው ሰው ፊት የሚያደርጉት። እኔ ደግሞ ከሥራ ስወጣ ሁልጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ዛሬ ሊነግረኝ ፈልጎ የፈራ ማን ነው? ስሙን በደብተሬ እጽፋለሁ፤ በማግስቱ ቀድሜ የማናግረው እሱን ነው።»

«ለዚህማ በየሳምንቱ ግምገማ አለን አይደል?»

ታቢታ ዙሪያዋን ቃኘት አደረገች። «ጋሽ ይልማ፣ ግምገማ ላይ የልቡን የሚናገር ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ዘበኛው በሩን ከፈተ። ታቢታ ጋውኗን አንስታ ቆመች። «ደብዳቤውን ከመስጠትዎ በፊት ደረሰን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፤ ልትጠይቀኝ አስበህ ነበር ወይ ይበሉት።»

አቶ ይልማ በሩን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና ወደ ጋራዡ ተመለሱ።

ደረሰ የፈታውን ሁሉ በናፍጣ አጥቦ፣ ሸራ ላይ በተርታ ደርድሮ አጠገቡ ቁጢጥ ብሏል። ለብቻው ወደ ጓሮ ጠሩት።

«ዓርብ ዕለት የቱን እንደምትፈታ ተጠራጥረህ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ደረሰ አንገቱን ደፋ። «ማቴዎስን አየሁታ።»

አቶ ይልማ በሕይወታቸው እንደዚያች ቅጽበት አፍረው አያውቁም። ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡና ደረሰ እያየ ቦጫጭቀው ጣሉት።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«የኔ ጥፋት ነው። በአንተ ስም ጽፌው ነበር።»

ከዚያ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። «ዓርብ የተበላሸው ሥራ የኔ ጥፋት ነው» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ያዘዝኩት ሰው ያዘዝኩትን መልሶ ይንገረኝ። ማቴዎስም ስሙ ማቴዎስ ነው።»

ሞተሩ ሁሉም ተረባርቦበት በአራተኛው ቀን ተነሳ። በዚያ ክረምት ሁለቴ የተሠራ ሥራ አልነበረም። ዝውውር ጠይቀው የነበሩ ሁለት ሠራተኞች ማመልከቻቸውን ሳቡ፤ ብልሽትም ሳይብስ መነገር ጀመረ። አቶ ይልማ ደብተር ገዙ፤ መጀመሪያ በየገጹ ይሞላ የነበረው፣ ሊነግራቸው ፈልጎ የፈራ ሰው ስም እየቀነሰ ሄደ።

ልማድ ግን ቶሎ አይለቅም። አንድ ቀን በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ «ያን ፍታው» ብለው አገጫቸውን ወርወር አደረጉ። ሠራተኛው ሁሉ ከሥራው ቀና አለ።

«የቱን ነው ጋሼ?» አለ ማቴዎስ።

አቶ ይልማ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፤ ተራምደው ሄደው መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ።

«ይኸን።»

«ይኸን ነው የምፈታው» አለ ማቴዎስና ቁልፉን አነሳ።