የክንድ ላስቲክ ሠሪው የአቶ ወልደጻድቅ ጌጤ ዜና ሕይወት

አቶ ወልደጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ጌጤ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደምሴ በ1926 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ከዚራ ተወለዱ። ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው እንደ አባታቸው ምድር ባቡር ገብተው፣ ቶርኖ ላይ ቆመው ብረት ሲቀርጹ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሩ። ወይዘሮ በለጠችን በ1951 በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አግብተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ። እኔ ሀብተ ማርያም በብየዳ አጠገባቸው የሠራሁ፣ በግድግዳም የምጎራበታቸው ነኝ፤ ብዙ አልተማርኩምና ብሳሳት እለፉኝ።

በ1970 ኩባውያን ለጦርነቱ መጥተው እኛ ዘንድ ሲሰፍሩ፣ ዕረፍት ባገኙ ቁጥር ቤዝቦል የሚሉትን በዱላ የሚመታ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ከነሱ አንዱ የተበጠሰ ላስቲክ ይዞ አቶ ወልደጻድቅ ዘንድ መጥቶ በምልክት አስረዳቸው፤ አንዱ ጫፍ ምሰሶ ላይ ይታሰራል፣ ሌላውን ወርዋሪው ኳስ እንደሚወረውር ሆኖ ይስበዋል፣ ክንድም ይጠነክራል። አቶ ወልደጻድቅ ከከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ቆርጠው፣ እጀታውን በቶርኖ አውጥተው፣ የስበቱን ክብደት በዕቃ ሚዛን ለክተው ሰጡት፤ ለመምቻው ዱላም ማክበጃ የብረት ቀለበት ሠሩለት። ኋላም ለቀበሌያችን ስፖርተኞች፣ ለእያንዳንዱ ክንድ እየለኩ ይቆርጡ ጀመር። የእጅ ኳስ ተጫዋቹ ሰማታር፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ይሄ ለኔ ነው ለግመል?» እያለ ያስቃቸው ነበር።

በ1975 መጀመሪያ ልጄ ተሻለች በጦር ውርወራ ለአዲስ አበባው ውድድር ተመረጠች። ሳምንት ሲቀራት እኔ ሄጄ ጠንካራውን ላስቲክ ስጡኝ አልኳቸው። «ሀብቴ፣ ይሄ ለወታደር ክንድ የተለካ ነው፤ ለልጅቷ አይሆንም» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ለመንኳቸው፤ ሰጡኝ። በሁለተኛው ቀን ስትስበው የትከሻዋ ጅማት ተበጠሰ፤ ዛሬም ቀኝ እጇ ከጆሮዋ በላይ አይወጣም። እኔም ልጄን የጎዳት የወልደጻድቅ ላስቲክ ነው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ ላስቲክ አልቆረጡም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል በየዓመቱ ደጄ ላይ ቆመው ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔ ቆይ እያልኩ መለስኳቸው። አራት ጊዜ ነው።

የሳንባ ሕመም አምስት ወር አስተኝቷቸው፣ ሰኔ 3 ቀን 1979 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ይህን ወረቀት አንተ ጻፈው ያሉኝ ወይዘሮ በለጠች ናቸው። ከትናንት ጀምሮ እንባ እንኳ አልመጣልኝም።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጅ ትተዋል። ተሻለች እዚያ ኋላ ቆማለች፤ እሳቸው አይሆንም እያሉ ላስቲኩን ለምኜ ያመጣሁት እኔ መሆኔን የምትሰማው አሁን ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን።

ጋሽ ወልዴ፣ ይቅር ይበሉኝ።