ሞተሩን የሰደብኩበት ቀን

በእኛ ጊዜ ምራት የሆነች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስም ይቅርና ፊት ለፊት ቆማ አታወራቸውም፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ጎተት አድርጋ ዞር ነው። እኔ ዛሬም ድረስ ስማቸውን አልጠራም። አንቺም የልጅ ልጄ ሶፊያ፣ ይሄን ስትጽፊ የስማቸውን ቦታ ባዶ ተይው፣ አማቴ ብለሽ ጻፊ፣ ይበቃል።

ታዲያ እኒህ አማቴ፣ የባሌ አባት፣ አሰላ ውስጥ የታወቁ የበቅሎ ነጋዴ ነበሩ። በቅሎዋን አይተው ዕድሜዋን ብቻ አይደለም፣ የጌታዋንም ጠባይ ይነግሩሻል። እና አንድ ቀን ከናዝሬት በጭነት መኪና ሞተር አስመጡ። ዛሬ ጀነሬተር የምትሉት፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ ገመዱን ሲስቡት ዱዱዱዱ ብሎ አምፑል የሚያበራ። በሰፈሩ ያን ጊዜ ኩራዝ ነው፣ ያለው ደግሞ ፋኖስ። ሞተሩን ይዞ የመጣው መካኒክ ቀጭን ነው፣ እጁ ዘይት የጠገበ፣ እና ሲያስረዳቸው፣

"አባባ፣" ይላል፣ "ይሄ ነገር ቤት አይገባም። ደጅ ነው የሚሠራው። ጭሱ ሳይታይም ሰው ይገድላል።"

"ገብቶኛል።"

"ዝናብ እንዳይነካው። በእርጥብ እጅም እንዳይነኩት።"

"ገብቶኛል።"

"ቤንዚን ሲጨርስ አጥፍተው፣ ቀዝቀዝ ሲል ነው የሚጨምሩለት። በጋለበት ከጨመሩ እሳት ነው።"

"ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት በቅሎ ያስተዳደርኩ ሰው ነኝ። ገብቶኛል አልኩህ።"

ወላሂ አንዷም አልገባቻቸውም። ትልቅ ሰው ከልጅ ፊት ሁለቴ አይጠይቅማ። እኔ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። የምራት አፏ ይታሰራል እንጂ ጆሮዋን ማን አሰረው?

መካኒኩ እንደሄደ ሞተሩ በቅሎ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ጎኑን መታ መታ ያደርጉታል። ሰው "አገሩ የት ነው?" ሲላቸው "በቅሎ አባቷን ተጠይቃ መልሳ ታውቃለች?" ይላሉ። "ይሄ ከቆላ ነው የመጣው፣ የአሰላን ብርድ አይችልም" ብለው፣ ሠርቶ እንዳበቃ በጋለ ገላው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረጉበት፣ ብርድ ልብሱ ተቃጥሎ ተበሳ። "ላቡ ነው" አሉ።

እና ከጢቾ አምስት ሽማግሌዎች መጡ። የባሌን እህት ፋጡማን ለልጃቸው ሊጠይቁ ነው። ፋጡማ ልጁን ትፈልገዋለች፣ በጆሮዬ ነግራኛለች፣ ቀኑ ለእሷ የሞት የሽረት ነው። ባሌ ሮቤ ገበያ ሄዷል። አማቴ ግን ፋጡማንም ሽማግሌዎቹንም ትተው የአምፑላቸው ነገር ነው የያዛቸው። ታዲያ ቀትር ነው፣ እንግዶቹ ደግሞ ሳይመሽ ዘመድ ቤት መድረስ አለባቸው። በቀትር መብራት ማን ያየዋል? አማቴ ምን አሉ?

"መስኮቱን ዝጉ። በሩንም ዝጉ።"

ዘጋን፣ ቤቱ ጨለመ። ይሄኔ የአሰላን ሰማይ ታውቂው የለ፣ ዶፉን ለቀቀው። "በቅሎዬን ዝናብ ሊገድልብኝ ነው፣ አስገቡልኝ" አሉና ሞተሩ ሳሎን ገባ። ሳሎን እልሻለሁ፣ ሶፊያ፣ ከእንግዶቹ ጎን። ገመዱን ሳቡት፣ ዱዱዱዱ፣ አምፑሉ ቦግ አለ። "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" ተባለ። አማቴ ከደስታ ብዛት የሚቀመጡበት ጠፋቸው።

ከዚያ ታላቁ ሽማግሌ ዱዓ ጀመሩ። እኔ ምግቡን ይዤ ስገባ "አሚን" የሚለው ድምፅ አምስት ነው። ወጥቼ ውሃ ይዤ ስመለስ ሦስት ሆኗል። ሦስተኛ ስገባ አንድ፣ እሱም የአማቴ ነው። ዱዓ አድራጊው እንኳ "ልጆቹ ይባረኩ፣ ከብቱ ይባረክ" ብለው እንደገና "ልጆቹ ይባረኩ" ይላሉ፣ እዚያው ላይ ይዞራሉ። አንዱ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንዱ ግንባራቸውን ይዘው "ራሴን፣ ራሴን" ይላሉ። ይሄኔ የመካኒኩ ቃል ትዝ አለኝ።

ፈራሁ። አሁን ስነግርሽ እስቃለሁ፣ ያን ጊዜ ግን ስድስት ሰው በአንድ ቤት ሊያልቅ ነው አልኩ። ሄጄ በሩን ብርግድ አደረግኩት። አማቴ እኔን አያናግሩኝም፣ ወደ ጓዳ ዞረው "ፋጡማ፣ ይሄን በር የከፈተው ማነው? መብራቴ ደበዘዘ፣ ይዘጋ" አሉ። ምን ልበል? ለእሳቸው መናገር ነውር ነው፣ ዝም ማለት ደግሞ ሞት ነው። ታዲያ ዓይኔ ሞተሩ ላይ አረፈ። ለእሱ መናገርን የከለከለኝ የለም። እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩና፣

"አንተ በቅሎ፣" አልኩት፣ "አንተ ባለጌ። ከጢቾ ድረስ የመጡ ሽማግሌዎች ፊት ትፈሳለህ? ቂጥህን ወደ እንግዳ አዙረህ? የሰው በቅሎ ደጅ ታስሮ ይፈሳል፣ አንተን ማን ሳሎን አስገባህ? ጌታህን ልታዋርድ ነው?"

 ይሄኔ ግድግዳ የተደገፉት ሽማግሌ አንድ ዓይናቸውን ገለጡና፣ "እውነቷን ነው፣" አሉ። "እኔ እኮ ከቅድም ጀምሮ ይሸተኛል። ከጎኔ ያሉትን ጠርጥሬ ዝም አልኩ እንጂ።"

አማቴን ሞት መጣ ብትያቸው ይከራከሩሻል። ነውር መጣ ስትያቸው ግን እንደ ልጅ ዘለው ተነሡ። ሞተሩን አጥፍተው "አውጡት፣ አሁኑኑ አውጡት" አሉ። በሩ እንደተከፈተ ቀረ፣ መስኮቱም ተከፈተ፣ ሽማግሌዎቹን እየደገፍን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አስቀመጥናቸው። አንዱ አስመለሳቸው፣ አንዱ ውሃ ውሃ አሉ። እየቆየ ፊታቸው ተመለሰ፣ አልሃምዱሊላህ፣ አምስቱም በእግራቸው ቆሙ።

ሞተሩን በቅሎ የሚታሰርበት ዳስ አስገባነው፣ ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ የለውም፣ ከቤቱም ይርቃል። ጭስ ማውጫውን ወደ አጥሩ አዞርነው። ወዲያው አማቴ "ደክሞታል፣ ላጠጣው" ብለው የቤንዚን ጀሪካን ይዘው ከተፍ። ሞተሩ ገና እንደ ምድጃ ይፋጃል። እኔም ለሞተሩ፣ "አንተ በቅሎ፣ ላብህ ሳይደርቅ ጠጥተህ ልትሞት ነው?" አልኩት። አማቴ ቆሙ። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡ። "ይሄን እንኳ እኔ ማወቅ ነበረብኝ" አሉ፣ ለሞተሩ።

የፋጡማስ? ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እንደያዙ ጠየቁ፣ አማቴም ከሐፍረታቸው ብዛት ሳይከራከሩ ሰጡ።

ከዚያ ወዲያ የሞተሩ ጠባቂ እኔ ሆንኩ። ገመዱን የምስብ እኔ፣ ዘይቱን የማይ እኔ፣ እጄን ሳላደርቅ አልነካውም። አማቴም መጥተው "አንተ በቅሎ፣ ዛሬ ምሳ ምንድን ነው?" ይሉታል። እኔም "አንተ በቅሎ፣ ሽሮ ነው" እለዋለሁ። "አንተ በቅሎ፣ ያቺ ልጅ ከስታለች፣ አሟታል እንዴ?" ይሉታል፣ እኔን ማለታቸው ነው። "አንተ በቅሎ፣ አርግዛ ነው።" የአባትሽን መምጣት የሰማው መጀመሪያ ሞተሩ ነው፣ ሶፊያ።

ዓመታት አለፉ፣ የከተማው መብራት እኛ ሰፈር ደረሰ፣ ሞተሩም አርቦዬ ላለ ዘመድ ተሰጠ። በማግስቱ እንደ ልማዴ ጨርቄን ይዤ ወደ ዳሱ ስሄድ አማቴ ባዶው ቦታ ላይ ቆመዋል። ሻሼን ጎተት አድርጌ ልመለስ ስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እና ወላሂ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "በቅሎው ሄደ። እንግዲህ እኔና አንቺ በማን በኩል ልናወራ ነው?"

 እንባዬ መጣ፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ "አባባ፣ እርስዎ በሩን ብቻ አይዝጉት" አልኳቸው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሆዳቸውን ይዘው የዳሱን ምሰሶ ተደገፉ። እስኪሞቱ ድረስ ፊት ለፊት አወራን።

ምን አልሽ? ስማቸው ማን ነበር? ሂጂ ወደዚያ። ሞተር አምጪልኝና ለሱ እነግረዋለሁ፣ አንቺ በጎን ትሰሚያለሽ።