ካምሻፍቱን ስለበላው ጊር የተሰጠ የምስክርነት ቃል

የምስክሩ ስም፦ ገብረ መድኅን ወልደ ሰንበት
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የሞተር መካኒክ
አድራሻ፦ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ
ቃል የተሰጠበት፦ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት

እኔ ምስክር ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በሚገኘው የአቶ በፍቃዱ ጋራዥ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አቶ በፍቃዱ የደንበኛችንን የሮበሌን መኪና ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ ለፖሊስ መናገሩን ሰምቻለሁ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የዋሸው።

ኅዳር 5 ቀን ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት የለቡ ነዋሪ የሆነው ሮበሌ አሮጌ የቤንዚን ፒክአፑን አመጣ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር፣ ከሚያዞረው የሞተር ዘንግ ከካምሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ጊር ጥርሱ አልቆ ነበር። አቶ በፍቃዱ ተተኪ አምጥቶ ግጠም አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ ሁለቱን ጊሮች በሞረድ ሞከርኳቸው። ሞረዱ አሮጌውን ነከሰው፤ አዲሱ ላይ ግን ተንሸራተተ። አሮጌው እንደ ካምሻፍቱ ጊዛ የምንለው ለስላሳ ብረት ነው፤ አዲሱ ግን የጠነከረ አረብ ብረት ነው። የጥርሱ ቁጥር ልክ ቢሆንም ካምሻፍቱን ይበላዋል፣ ሞተሩም መንገድ ላይ ይጠፋል ብዬ ተናገርኩ። አቶ በፍቃዱም "ጠንካራ ሲሆንማ ዕድሜ ልኩን አያልቅ! አንተ ሽማግሌ፣ ሥራ አታስፈታኝ" አለኝ። "ድንጋይ ቅልን ቢመታ የሚሰበረው ቅሉ ነው" ብዬ ጊሩን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ፣ በንዴት አቦን ልሳለም ሄድኩ። 5፡30 ስመለስ ራሱ ገጥሞት ጨርሷል።

ኅዳር 17 ቀን ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ገደማ የመኪናው ሞተር ለቡ ዳገት ላይ ጠፋ። ሮበሌ ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ሲመለከት ገልባጭ መኪና ከኋላ ገጭቶ ፒክአፑን በላዩ ነዳበት። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ትናንት ሞተሩ በፖሊስ ፊት ሲከፈት የካምሻፍቱ ጥርስ ተላጭቶ አይቻለሁ። አዲሱ ጊር ጭረት እንኳ የለበትም።

የተጠየቅሁት እስከዚህ ነው። የሚከተለውን ሳልጠየቅ ይጻፍልኝ ብያለሁ። በጋራዡ ልማድ ቁልፍ የሚያስረክበው ዋናው መካኒክ ነው፤ ደንበኛ ከእጁ ከተቀበለ መኪናው ደህና ነው ማለት ነው። ኅዳር 5 ቀን ሮበሌ መኪናውን ሊወስድ ሲመጣ "ጋሼ፣ አሁን ያስተማምናል?" ብሎ ጠየቀኝ። ከአቶ በፍቃዱ ጋር ዳግም መጨቃጨቅ ታክቶኝ "በሰላም ግባ" ብዬ ቁልፉን ሰጠሁት። አመስግኖኝ ሄደ። በአቶ በፍቃዱ ከተናደድኩት ይልቅ በራሴ የተናደድኩት ይበልጣል።

ቃሌ ተነቦልኝ ያልኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጬ፣ ቁልፉን ባስረከብኩበት እጄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለችው፦ ምክትል ሳጅን ጸደንያ ሚሳኤል
ፊርማ ____________